በሳልህ ሌንስ ላይ የነበረችው ቀይ ነጥብ

ሱንዱስ የአባቷን ካልሲዎች የካሜራ ሱቁ ባንኮኒ ላይ ደረደረቻቸው።

ሻጩ ካልሲዎቹን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። ወፋፍራም የብርድ ካልሲዎች ናቸው፤ አባቷ ሳልህ ታክሲ ሲነዳ ያደርጋቸው የነበሩ። እሷ ግን ቅንጣት አላፈረችም። አንደኛውን ገልብጣ ጥቁር፣ ከባድ፣ ጠርዙ በእጅ ብዛት የነጣ ሌንስ አወጣች። ከሁለተኛው ሌላ። ከሦስተኛውም ሌላ።

«ሌንስ አልፈልግም፤ ሌንስ አለኝ» አለችው በእንግሊዝኛ። «ለእነዚህ የሚሆን ካሜራ ነው የምፈልገው። ቪዲዮ የሚያነሳ።»

አጠገቧ የቆመው ተውፊቅ ፈገግታውን በጃኬቱ ኮሌታ ሸፈነ። ዞር ብላ ባታየውም ፈገግታው ጉንጯ ላይ ያረፈ ያህል ተሰማት።

ሳልህ ደሴ ላይ ፎቶ ቤት ነበረው። ካልጋሪ ከገባ በኋላ ከሰኞ እስከ ዓርብ ታክሲ ይነዳል፤ ቅዳሜና እሁድ የአገሩን ልጆች ሰርግ ያነሳል። ሁሉም ሰው ካሜራ በኪሱ ይዞ መዞር ከጀመረም በኋላ እሱ ከፊልሙና ከሌንሶቹ አልተለየም። «እነዚህ ስንቱን ሙሽራ አይተዋል» ይል ነበር ሌንሶቹን እየወለወለ፤ «ሰው ሲራመድ ግን አይተው አያውቁም። አንድ ቀን አሳያቸዋለሁ።» ያ ቀን ሳይመጣ፣ ባለፈው የበረዶ ወራት፣ ሳልህ ሞተ። ሌንሶቹ በካልሲያቸው እንደተጠቀለሉ ለሱንዱስ ቀሩ።

ዛሬ ልታሳያቸው ነው የመጣችው። አዲሶቹ ካሜራዎች፣ «ሚረርለስ» የሚሏቸው፣ ውስጣቸው መስታወት ስለሌለ ሆዳቸው ጠባብ ነው። በተረፈው ቦታ አዳፕተር የሚባል ባዶ የብረት ቀለበት ሲገባበት የድሮ ሌንስ ቤቱ እንደገባ ሰው ይደላደላል። ይህን ሁሉ ያጠናችው ብቻዋን ነው፤ በምትሠራበት የአረጋውያን ቤት፣ በእረፍት ሰዓቷ፣ ምሳዋን በአንድ እጇ ይዛ።

«ይሄን ሞክሪ» አለ ተውፊቅ፣ ትንሽና ቀላል ካሜራ እያቀበላት። «እኔ ጋ ያለው ነው። ላይክ፣ ስቴብላይዘሩ በጣም ጎበዝ ነው። እጅሽ ቢንቀጠቀጥ እንኳ ምስሉ አይንቀጠቀጥም።»

«እጄ አይንቀጠቀጥም።»

«ቢንቀጠቀጥ አልኩ እንጂ።»

«ለምን ይንቀጠቀጣል?» አለችና አየችው። ዓይኑን መጀመሪያ የሰበረው እሱ ነበር።

አንዱን ሌንስ በአዳፕተሩ ገጠመችበት፤ ካሜራው ግን ሌንስ አልተገጠመልኝም ብሎ አሻፈረኝ አለ። የድሮ ሌንስ ከካሜራ ጋር አይነጋገርም፤ ማን እንደሆነ ሰው ነው የሚነግርለት። ሱንዱስ ሜኑው ውስጥ ገብታ ያለ ሌንስ እንዲሠራ ፈቀደችለት፤ የሌንሱንም ልክ በቁጥር አስገባችለት። ከዚያ ተውፊቅን መደርደሪያው ጋ አቆመችው፤ የሌንሱን ቀለበት አንዲት ቀይ ነጥብ ላይ እስኪደርስ አዞረችና ወደኋላ ሄደች። ጥርት ያለ ነገር ዳር ዳሩ እንዲያበራ ካሜራውን አዝዛው ስለነበር የተውፊቅ ሽፋሽፍት ቦግ ሲል ቆመች።

ስክሪኑ ላይ ፊቱና አንገቱ ብቻ ነበሩ።

«አይሆንም» አለች። «ሙሽራዋ ብቻዋን ናት።»

«የቷ ሙሽራ?»

«እህትህ ናት እንጂ የቷ ትሆናለች።»

ነገሩ የራንያ ሰርግ ነው። ራንያ የተውፊቅ ታናሽ እህት ናት። በእነሱ ሰርግ ሴቶቹ በሚጫወቱበት በኩል ወንድ አይገባም፤ እዚያ የምታነሳ ሴት መሆን አለባት። ድሮ ይህ የሳልህና የሚስቱ የሀጅራ ሥራ ነበር። ሳልህ ከበር ውጭ ይቀራል፤ ካሜራውን ሀጅራ ይዛ ትገባለች። ሀጅራ ፎከስ ማስተካከል አልሆንላት ስላለ ሳልህ ከራሷ የጥፍር ቀለም ወስዶ ሌንሱ ላይ ያቺን ቀይ ነጥብ አደረገላት። ቀለበቱን እዚህ ድረስ አዙሪ፤ ከዚያ ወዲያ አትንኪው አላት። ዛሬ በካልጋሪ ማርቲንዴልና ቴምፕል ሰፈሮች በየቤቱ ሳሎን የተሰቀሉት ፎቶዎች ሁሉ በዚያች ነጥብ የተነሱ ናቸው። ሙሽራዋ መሃል ናት፤ በግራዋ አንዲት ሴት፣ በቀኟ አንዲት ሴት፤ ሦስቱም ይስቃሉ።

ሻጩ ሁለተኛውን ካሜራ አመጣ። ሰው የተጠቀመበት ነው፤ ይከብዳል፤ ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰሩ ግን ሰፊ ነው፣ ልክ የሳልህን ፊልም ያህል። ሱንዱስ እዚያው ቦታ ቆማ፣ ቀለበቱን እዚያችው ነጥብ ላይ አድርጋ አየች። ተውፊቅ መሃል ነው፤ በግራው የትራይፖድ መደርደሪያ፣ በቀኙ የቦርሳ መስቀያ። ሁለት ሴቶች ሳይጋፉ ይቆማሉ።

«ቪዲዮ ላይ ሲሆን ምስሉ ይጠብባል?» ብላ ጠየቀች። ሻጩ አስነስቶ አሳያት፤ አልጠበበም። «ይሄን ነው የምወስደው» አለች።

«ካልተስማማሽ በጥቂት ቀን ውስጥ መመለስ ትችያለሽ» አላት ሻጩ።

«ተስማምቶኛል።»

ለመጨረሻ ጊዜ ምስሉን አጉልታ ተውፊቅን አየችው። አዲሱ ስክሪን ውስጥ፣ በአባቷ አሮጌ ሌንስ፣ ፊቱ ሁሉ ግልጽ ሆኖ መጣ። ሌንሱን አልነበረም የሚያየው። እሷን ነበር። ካሜራውን ከዓይኗ ማውረድ ነበረባት፤ አላወረደችውም።

የሥራ ሺፍቷ ሊደርስ ስለሆነ ተውፊቅ በመኪናው ማርልቦሮ የባቡር ጣቢያ አደረሳት። ከመኪናው ልትወርድ ስትል፣ «ሌንሶቹን ተዪልኝ፤ የጣት አሻራ ሞልቷቸዋል፤ አጽድቼ አመጣልሻለሁ» አላት። ሳልህ ከሞተ ወዲህ የሌንሶቹ ቦርሳ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። ሰጠችው። ባቡሩ ውስጥ ተቀምጣ እጇ ባዶ መሆኑን ስታስተውል ፍርሃት አልተሰማትም፤ አንድ ነገር ከጭንቅላቷ ላይ አውርዶ የተሸከመላት ሰው እንዳለ ነው የተሰማት።

*

ማርልቦሮ ሞል፣ የገበያ ማዕከሉ ውስጥ ምግብ የሚበላበት ቦታ ነው በድብቅ የሚገናኙት። የአንዳቸው ቤት አይሆንም። ሀጅራ የሱለይማን ስም በተነሳበት ቤት ውሃ እንኳ አትጠጣም፤ ተውፊቅ ደግሞ የሱለይማን ልጅ ነው።

ቂሙ የመጣው ከሱለይማን ታላቅ ልጅ ከሩቂያ ሰርግ ነው። ሳልህ እንደ ልማዱ ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ አዳራሹ በር ላይ ሲደርስ ሱለይማን አቅፎ ሳመውና፣ «ዛሬ እንግዳ ነህ፤ ተቀመጥ። ቪዲዮ የሚያነሱ ልጆች አምጥተናል» አለው። ሳልህ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን በኋላ የማንንም ሰርግ አላነሳም። የመጡትም ልጆች ወንዶች ስለነበሩ ወደ ሴቶቹ መግባት አልቻሉም፤ ሩቂያ ከእናቷና ከአክስቶቿ ጋር የተነሳችው አንድም ምስል የላትም። ራንያ ሱንዱስን «አንቺ ካላነሳሽኝ አላገባም» ብላ የያዘቻት ለዚህ ነው።

ሌንሶቹን ሊመልስላት በተቀጣጠሩበት ቀን ካልጋሪ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ተውፊቅ የሌንሱን ቦርሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሱንዱስ ዚፑን ልትከፍት እጇን ዘረጋችና መለሰችው።

«ለምን?»

«ይሙቅ። አባዬ፣ ሌንስ ከብርድ ሲገባ ያለቅሳል፤ ጊዜ ስጡት ይል ነበር። ካልሞቀ ጉም ይይዘዋል።»

ተቀመጡ። ተውፊቅ ድንች ጥብስ ገዛ፤ እሷ በላችለት። ስለ ራንያ ቀሚስ አወሩ፤ መሬት የሚጎተተውን ቅጥያ ለመያዝ ብቻ ሁለት ሰው ያስፈልጋል አላት። ሳቀች። ለእናቷ የምትነግርበት ቀን እንደደረሰ ልትነግረው አሰበች። አሁን ማስፈራቱን ትቶ ነበር፤ ቃሉን እንኳ አዘጋጅታለች።

«አሁን ሞቋል» አለችና ቦርሳውን ከፈተች።

ሌንሱ ያብረቀርቃል። መስታወቱ ላይ አቧራ የለም፤ ብረቱ አዲስ መስሏል። ቀለበቱን በአውራ ጣቷ አዞረችው። መልሳ አዞረችው። ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው።

«ነጥቧ የት አለች?»

«የቷ?»

«ቀይዋ።»

ተውፊቅ ፈገግ እንዳለ ነበር። «እሷማ አስቸገረችኝ። በውሃ እምቢ አለች። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነው ያስለቀቃት። ፕሮፐርሊ ነው ያጸዳሁልሽ።»

ሱንዱስ ሌንሱን ዝቅ አደረገችው። ፈገግታው ከፊቱ ቀስ እያለ ሲወርድ አየች።

«ሱንዱስ፣ ቆሻሻ ናት ብዬ ነው። ሰው ነክቶት የቀረ ቀለም መሰለኝ።»

«አባቴ ነው የነካው።»

«አላወቅኩም። ግን ካሜራው ራሱ ጥርት ሲል ያሳይሻል። ነጥቧ ባትኖርም...»

«አውቃለሁ። ካሜራው ምን እንደሚያሳይ ላንተ አልጠየቅኩህም።» ድምጿ አልጮኸም፤ ያ ነው የከፋው። «አባትህ አባዬን አንድ ጊዜ ካሜራውን ከእጁ አስጥለው አስቀመጡት። የቀረችውን ደግሞ አንተ ጠረግሃት።»

ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ተውፊቅ ድንች ጥብሱ የነበረበትን ወረቀት አጣጠፈ፤ እንደገና አጣጠፈ፤ አንሶ አንሶ የሚታጠፍበት እስኪጠፋ። እሷ ሌንሱን ወደ ካልሲው መለሰች።

«ካሜራውን እመልሰዋለሁ» አለች። «ለራንያም ሌላ ሰው ፈልጉላት።»

ስትሄድ አልተከተላትም። ቢከተላት ትቆጣው ነበር። አለመከተሉ ግን ከቁጣም በላይ አሳመማት።

*

በሚቀጥሉት ቀናት ስልኩን አላነሳችም። ካሜራው በካርቶኑ በሩ ጥግ ተቀመጠ። ሥራ ስትሄድ ታየዋለች፤ ነገ እመልሰዋለሁ ትላለች፤ ነገም ነገ ትላለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሺፍት ስትመለስ ሀጅራ ሶፋው ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ አገኘቻት። ጭኗ ላይ ፖስታ አለ። እግሯ ሥር የካሜራው ካርቶን።

«ይሄን ራንያ ናት ያመጣችው» አለች ሀጅራ። «የሱለይማን ልጅ በሬን አንኳኳች። ለሱንዱስ ነው አለችና ሮጠች፤ ውሻ እንዳየ ሰው።»

«ኡሚ...»

«አልከፈትኩትም። የሰው ደብዳቤ አልከፍትም። አንቺ ክፈቺና አንብቢልኝ።»

ሱንዱስ ፖስታውን ተቀበለች። ልትዋሽ ትችል ነበር፤ ሌላ ነገር ፈጥራ ልታነብላት። ግን መዋሸቱ ሰልችቷት ነበር፤ ማርልቦሮ መደበቁም ሰልችቷት ነበር። ፊደሎቹ ትልልቅና ጎባጣ ናቸው፤ እዚህ ያደገ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ የተማራቸው ፊደሎች። ቆማ አነበበች።

«ሱንዱስ። አማርኛ መጻፍ ጎበዝ አይደለሁም። ቴክስት ላደርግልሽ ነበር፤ ግን ይሄ ነገር በቴክስት አይሆንም። ነጥቧ የአባትሽ እንደሆነች አላወቅኩም። ባውቅ እጄን እሰበስብ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ። ቀይ የጥፍር ቀለም ልገዛ ሄድኩ። ቀይ ብዙ ዓይነት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ስላላወቅኩ ሁሉንም ገዛሁ። ግን የት እንደምቀባት አላውቅም። ሱቁ ተመልሼ ሄጄ ነበር። አንቺ የቆምሽበትን ቦታ አገኘሁት፤ ምንጣፉ ላይ ቆሜበታለሁ። እኔ የት እንደቆምኩ ግን አላስታውስም...»

ቆመች።

«ቀጥይ» አለች ሀጅራ።

«...አላስታውስም፤ ያን ቀን አንቺን ብቻ ነበር የማየው።» ሱንዱስ ፊቷን በወረቀቱ ከለለች። ጆሮዋ ጋለ። «ስለ አባቴ ያልሽውን ሰምቻለሁ። እኔን ብትተዪኝም ካሜራውን ግን አትመልሺ። የጋሼ ሳልህ ሌንስ ሰው ሲራመድ ይይ። ተውፊቅ።»

ሱንዱስ ወረቀቱን አጠፈችው።

«ስንት ዓይነት ቀይ ገዛ?» አለች ሀጅራ።

«አልጻፈም።»

«የሱለይማንን ልጅ ትወጂዋለሽ?»

የተዘጋጁት ቃላት ሁሉ ጠፉ። የቀረው አንድ ነበር። «አዎ።»

ሀጅራ ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ ማለቷ ይሁን እንዴት ማለቷ አይታወቅም። «አባትሽ በሩቂያ ሰርግ ቀን እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ነው የዋለው። ምግቡን አቀረቡለት፤ ለስላሳውን ከፈቱለት። እጁ ግን ማረፊያ አጣ። ሰርግ ቤት ውስጥ ካሜራ ያልያዘበትን ቀን አያውቅማ። ባለሙያን ከሥራው ላይ አንስተሽ እንግዳ ስታደርጊው አሰናበትሽው ማለት ነው። እቤት ስንገባ፣ ‹ሀጅራ፣ እኔ አርጅቻለሁ እንዴ?› አለኝ። ምንም አልመለስኩለትም።» እጇን ዘረጋች። «ሌንሱን አምጪው።»

ሱንዱስ ከካልሲው አውጥታ ሰጠቻት። ሀጅራ ዓይኗን አልተጠቀመችም፤ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፤ የሕፃን ግንባር ሙቀት እንደሚዳበስ። ነጥቧ የነበረችበት ጎን ላይ ሲደርስ ጣቷ ቆመ።

«ጥርግ አድርጎ ነው ያጠፋት» አለች። ሱንዱስ ልቅሶ ይመጣል ብላ ጠበቀች። ሀጅራ ግን በአፍንጫዋ ሳቀች። «ጎበዝ ነው። እኔ ራሴ አንዴ ልቀይራት ብዬ አልለቅ ብላኛለች። አብሽሪ። የጠፋችው ቀለሟ ነው፤ ቦታዋ የት ይሄዳል?»

ተነስታ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች። ስትመለስ አረንጓዴ የትከሻ ሻርፕ ይዛለች።

ሱንዱስ ያን ሻርፕ ታውቀዋለች። ካልጋሪ ያገባች የአገር ልጅ ሁሉ ታውቀዋለች። ሀጅራ ወደ ሴቶቹ ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው ሻርፑን ከትከሻዋ አውርዳ አንዱን ጫፍ ለሙሽራዋ መስጠት ነበር። ሌላውን ጫፍ ራሷ ትይዛለች፤ እስኪወጠር ወደኋላ ትሄዳለች፤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አንድ ነገር ታነበንባለች፤ ከዚያ «ልቀቂ» ትላለች። ሙሽራዋ ትለቃለች፤ እልልታው ይቀልጣል፤ የካሜራው መብራት ቦግ ይላል። የወሎ ዱዓ ነው ይባል ነበር። የሀጅራን ሻርፕ ያልያዘች ትዳሯ አይጠናም እያሉ ሴቶቹ ይተራረባሉ። ሌላ አገር የሚያገቡትም «ሻርፑን ብቻ ላኪልን» ብለው ይደውሉ ነበር።

«ዱዓውን ለምን አመጣሽው?» አለች ሱንዱስ።

«የምን ዱዓ? ልክ ነው እንጂ።»

«የምን ልክ?»

«የነጥቧ ልክ ነዋ። አባትሽ፣ ነጥቡ ላይ አድርገሽ ከሙሽራዋ አንድ ሻርፕ ራቂ፤ ያኔ ጥርት ትላለች አለኝ። እኔ በዓይን መገመት አልችል። ስለዚህ አስይዤ እለካ ነበር።»

ሱንዱስ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «ታዲያ የምታነበንቢው?»

«‹ቀለበቱ ከነጥቡ፣ ፊልሙ ተስቧል፤ ቀለበቱ ከነጥቡ፣ ፊልሙ ተስቧል› ነበር የምለው። እንዳልረሳ።» ሀጅራ ሻርፑን ጉልበቷ ላይ አጠፈችው። «ሰዉ ዱዓ ነው ሲል መጀመሪያ ላርማቸው ፈልጌ ነበር። አባትሽ ተዪያቸው አለኝ። ኋላ ኋላ ሳስበው፣ ሙሽራ ጫፉን ይዛ ስታየኝ ዓይኗ እንባ ሲሞላ፣ እኔም በሆዴ አላህ ያድርግልሽ ማለት ጀመርኩ። እንግዲህ ዱዓ ቢሉት ውሸት አይደለም።»

ሱንዱስ ሳቀች፤ ሳቁ መሃሉ ላይ ልቅሶ ሆነ፤ ልቅሶው ግን የበፊቱ ዓይነት አልነበረም። አባቷ ከሞተ ወዲህ ስለ እሱ አዲስ ነገር የሰማችው ገና አሁን ነው። አላለቀም ነበር ለካ። ገና የሚሰማ ነበረው።

«ልጁን ኮል አድርጊለት» አለች ሀጅራ። «ቀዮቹን ሁሉ ይዞ ይምጣ። ደግሞ የሚቆም ሰው ያስፈልገኛል።»

*

ተውፊቅ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሰ። የፕላስቲክ ከረጢት ይዟል። በሩ ላይ ቆሞ የሚያደርገው ጠፋው።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ እትዬ ሀጅራ።»

«ወዐለይኩም ሰላም። ጫማህን አውልቅና ግባ። ብርዱን አታስገባብን።»

ገባ። ዓይኑ እርጥብ ነበር። ሱንዱስ ልታየው አልቻለችም፤ ላለማየትም አልቻለችም። ሀጅራ ሁለቱንም አየቻቸውና፣ «ከብርድ ነው የገባው፤ ጊዜ ስጪው» አለች።

ያን ቃል ከእናቷ አፍ ስትሰማ ሱንዱስ የልቧ ቋጠሮ ሲላላ ተሰማት።

ተውፊቅ ከረጢቱን ዘረገፈ። ጠረጴዛው በቀይ ጠርሙሶች ተሞላ። ሀጅራ አንድ በአንድ እያነሳች በመስኮቱ ብርሃን አየቻቸው። «ይሄ ሮዝ ነው። ይሄ ጉበት ይመስላል። ይሄን ማን ይቀባዋል? ካሸሯ ምን አለችህ?»

«‹ሚስትህ ዕድለኛ ናት› አለችኝ።»

«አንተስ ምን አልካት?»

ተውፊቅ ጣራውን አየ። «ቴንኪው አልኩ።»

ሀጅራ አንዱን ጠርሙስ ለይታ ያዘች፤ የሳቀች አይመስልም፤ ትከሻዋ ግን ተንቀጠቀጠ። «ይሄ ነው። እዚያ መጋረጃው ጋ ቁም።»

«እትዬ ሀጅራ፣ ከመቆሜ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎት።» አማርኛውን ፈልጎ ፈልጎ አገኘው። «አባቢ ያን ቀን... ሊያከብሯቸው ነበር። ጋሼ ሳልህ በሰው ሰርግ ሁሉ ቆመው ነው የሚውሉት፤ በእኔ ልጅ ሰርግ ተቀምጠው ይብሉ ብለው ነው። ዛሬ ጠየቅኳቸው። ሲከፋቸው አላዩም። አሁን ስነግራቸው ግን አለቀሱ።»

ሀጅራ የመረጠችውን ጠርሙስ ኪሷ ከተተችው።

«እኛም አልነገርነው» አለች። «ሳልህም አልተናገረ፤ እኔም አልተናገርኩ። ቂም ይዘን ተቀመጥን። ሱለይማንም ባላወቀው ነገር ስንት ዓመት ሰላም ሲለኝ ፊቴን አዞርኩበት።» ሻርፑን ዘረጋች። «ያዝ።»

ተውፊቅ የሻርፑን ጫፍ አየ። እህቱ ሩቂያ ይህን ሳትይዝ አግብታ እስከ ዛሬ እንደሚቆጫት ያውቃል። በሁለት እጁ ተቀብሎ ደረቱ ላይ አደረገው። ሀጅራ ሌላውን ጫፍ ይዛ ከሱንዱስ ጎን ቆመች፤ ጫፉን ከሌንሱ ሥር አስጠጋችው። ሻርፑ ተወጠረ።

ሱንዱስ አዲሱን ካሜራ ወደ ዓይኗ አነሳች። ቀለበቱን አዞረች። ተውፊቅ መጀመሪያ ጉም ነበር፤ ከዚያ ጥላ፤ ከዚያ ትከሻ። ምስሉን አጎላችው። ሽፋሽፍቱ፣ ቅንድቡ ሥር ያለችው የልጅነት ጠባሳ፣ ከንፈሩ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ጥርት አለ፤ አባቷ ከኋላዋ ቆሞ እጇን ይዞ ያዞረላት ያህል። ምስሉን ወደ ልኩ መለሰችው። በግራው ቦታ አለ፤ በቀኙም ቦታ አለ።

«አገኘሁት» አለች።

«አትነቃነቂ።» ሀጅራ ጠርሙሱን በጥርሷ ከፈተችውና ወደ ተውፊቅ ዘረጋችለት። «ያጠፋት ይቀባት።»

ተውፊቅ የሻርፑን ጫፍ አንጓው ላይ ጠቅልሎ መጣ። ብሩሿ በጣቶቹ መሃል ትንቀጠቀጣለች። ሱንዱስ ቀለበቱ እንዳይዞር በሙሉ መዳፏ ይዛዋለች፤ ነጥቧን ለማስቀመጥ ጣቶቿን ትንሽ ከፈተችለት።

«እጅህ ይንቀጠቀጣል» አለችው በለሆሳስ።

«ስቴብላይዘር የለኝም።»

«የኔን ተደገፍ።»

እጁን እጇ ላይ አሳረፈ። መንቀጥቀጡ ቆመ። ቀይዋ ጠብታ ብረቱ ላይ አረፈች፤ ክብ፣ እርጥብ፣ ትንሽ ዘንበል ያለች። የሳልህን ነጥብ አትመስልም። ቦታዋ ግን የሳልህ ነው።

«ለአባትህ ንገረው» አለች ሀጅራ፣ ወደ ሁለቱም ሳታይ። «በራንያ ሰርግ ሳልህ በሴቶቹ በኩል ይገባል በለው። ልጁ ካሜራውን ትይዛለች፤ እኔ ሻርፑን። እሱም ከፈለገ በር ላይ ይቁምልን፤ እንደ ሳልህ።»

ተውፊቅ ራሱን ነቀነቀ። ወደ መጋረጃው መመለስ ጀመረ፤ ሻርፑ ከኋላው እየተሳበ፣ እየሳሳ፣ እየተወጠረ። ሱንዱስ ቁልፉን ተጫነች። ስክሪኑ ጥግ ላይ ቀይ መብራት በራ። ወደ መጋረጃው የሚራመደውን እግሩን፣ የተጎተተውን ሻርፕ፣ ዞሮ ቆሞ እሷን ያየበትን ዓይን፣ ሁሉንም የአባቷ ሌንስ አየው። ሰው ሲራመድ አየ።

ሱንዱስ እናቷ «ልቀቅ» እስክትል ጠበቀች። ተውፊቅም ጫፉን ደረቱ ላይ እንደያዘ ጠበቀ። የሀጅራ ከንፈር እየተንቀሳቀሰ ሹክሹክታዋ ይሰማል፤ አሁን ስለ ቀለበቱም ስለ ፊልሙም አልነበረም የምታነበንበው።

ሻርፑ እንደተወጠረ ቆየ። ሀጅራ ልቀቅ አላለችም።